ፕለጊን እንደ ሚበዝኁ

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ዌብሳይት መሥራት የጀመርኩ ሰሞን ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሳይት ሠራሁ። ዎርድፕረስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ነው የሠራሁት። ባለቤቷ አንድ ነገር አጥብቃ ጠየቀችኝ፦ ክፍል የሚይዝ ሰው ቀኑን በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ይይ። እውነቷን ነው። ለጥምቀት ከሚደውልላት ሰው አንዱ «ጥር 9 እገባለሁ» ይላታል፣ ሌላው «ጃንዋሪ 17» ይላታል። ሁለቱ አንድ ቀን ይሁኑ አይሁኑ እሷ በጣቷ ስትቆጥር ትውላለች።

ምን አደረግኩ? የዎርድፕረስን የራሱን ፋይል ከፈትኩ። ቀን የሚያወጣውን ቦታ ፈልጌ መሀሉ ላይ የራሴን ኮድ ጠቀጠቅኩበት። ሠራ። ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ስልኬ ጮኸ። «አንተ፣ ያ የእኛ ቀን የት ገባ?» ከፍቼ ሳይ የለም። ዎርድፕረስ አዲስ እትም አውጥቶ ሳይቱ አፕዴት ተደርጎ ነበር። አፕዴት ሲደረግ የድሮዎቹ ፋይሎች ይነሱና በአዲስ ይተካሉ። የእኔ ሃያ ምናምን መስመር አብሮ ተጠርጎ ሄዷል። ባክአፕ ነበረህ ወይ? አትጠይቁኝ።

ፕለጊን የሚባለው ነገር፣ የዋናውን ፕሮግራም ፋይል ሳይነካ ከውጭ የሚሰካ ተጨማሪ ኮድ፣ ለምን እንደተፈጠረ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ስሙ የመጣው ሶኬት ላይ ከመሰካት ነው። ቤት ሲሠራ የመብራት ሠራተኛው በየክፍሉ ሶኬት ትቶ ይሄዳል። በኋላ ምጣድ ይሰካበት ካውያ፣ ፍሪጅ ይሁን የስልክ ቻርጀር፣ እሱ አያውቅም። ማወቅም አይጠበቅበትም። የቀዳዳው ልክ የታወቀ ነው፤ በልኩ የመጣ ዕቃ ይሠራል። እኔ ያደረግኩት ግን ምጣድ ለመሰካት ብዬ ግድግዳ ፈልፍዬ ሽቦ መቀጠል ነበር። ቤቱ ሲታደስ ልስኑ ሽቦዬን ደፈነው፤ ማንን እከሳለሁ?

እስከዚህ ያለውን ማንም ይነግራችኋል። የሚቀጥለውን ያስተማሩኝ ግን የባለቤቷ አባት ናቸው።

መሪጌታ ናቸው፤ ሁሉም የኔታ ነው የሚላቸው። ሳይቱን አስተካክዬ ለማሳየት የሄድኩ ቀን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«እና አሁን በምን መለስከው?» አሉኝ።

«ፕለጊን ሠራሁለት፣ የኔታ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

እንዲህ አልኳቸው፦ ዎርድፕረስ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ገጹን ከላይ እስከ ታች በተራ ያወጣል። ግን በየመሀሉ ቆም ይልና «እዚህ ላይ የሚል ነገር ያለው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የተመዘገበ ኮድ ካለ የራሱን ያደርጋል። ከሌለ ያልፋል። ዎርድፕረስ ማን እንደሚመጣ አያውቅም፤ ቦታውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ሚበዝኁ ነዋ!» አሉኝ።

የቆሎ ትምህርት ቤት ደጅ ላልረገጣችሁ ላስረዳ። ማኅሌት ሲቆም ዳዊቱ ያው ዳዊት ነው፤ ቃሉን ማንም አይነካም። በመዝሙሮቹ መሀል ግን ለቅኔ የተተወ ቦታ አለ። ሚበዝኁ የሚባለው የቅኔ ዓይነት ስሙን ያገኘው «እግዚኦ ሚ በዝኁ» ብሎ ከሚጀምረው ከ3ኛው መዝሙር ነው። ዘአምላኪየም እንዲሁ «አምላኪየ አምላኪየ» ከሚለው መዝሙር። ስሙ ራሱ አድራሻ ነው ማለት ነው። ልኩም የታወቀ ነው፦ ሚበዝኁ 3 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት። በዚህ ልክ ውስጥ ባለቅኔው ትናንት ያልነበረ ነገር ይፈጥራል። ነገ ሌላው እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ይቀኛል። ዳዊቱ አይቀየርም። ጎጃም ቅኔ የተማረ ሰው ጎንደር መጥቶ ማኅሌት ቢቆምም ቦታው አይጠፋውም፤ ሥርዓቱ አንድ ነዋ።

እኔ ዓመት ሙሉ ያነበብኩትን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። ኮድ የሚጽፉ ሰዎች ይሄን ቦታ «ሁክ» ይሉታል፤ መንጠቆ ማለት ነው። ሁክ ስም አለው፣ ልክ አለው፣ ባዶም ቢሆን ሥርዓቱ አይቆምም።

ሰው ስለ ፕለጊን ሲያወራ ስለሚጨመረው ነገር ነው የሚያወራው፤ «ይሄ ፕለጊን ፎቶ ያሳምራል፣ ያኛው ፎርም ይሠራል»። እኔ ግን ዋናውን ሥራ የሠራው ቦታውን የተወው ሰው ነው ባይ ነኝ። ዎርድፕረስ የወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ብሎግ መጻፊያ ነበር፣ በቃ። በዓመቱ በ2004 በወጣው 1.2 እትም ፕለጊን የሚቀበልበት መንገድ ተሠራለት። ዛሬ በራሱ በዎርድፕረስ ማከማቻ ውስጥ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ነፃ ፕለጊኖች አሉ። ዋናውን ዎርድፕረስ የጻፉት ሰዎች እነዚህን ሁሉ ልጻፍ ቢሉ ዕድሜያቸው አይበቃም። ለመጻፊያው ቦታ ተዉ፤ ሌላው መጥቶ ጻፈው።

ሁኩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «አክሽን» ይባላል፦ «እዚህ ደርሻለሁ፣ የምታደርጉት ካለ አድርጉ» ነው ነገሩ። ለምሳሌ አዲስ ጽሑፍ ሲቀመጥ ለባለቤቱ ኢሜይል ላክ። ሁለተኛው «ፊልተር» ነው። ይሄኛው ዕቃ በእጅህ ይሰጥሃል፦ «ይሄን ላወጣ ነው፣ አይተህ መልስልኝ»። አስተካክለህም ሆነ እንዳለ መመለስ ግዴታህ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ተቀብሎ መመለስ ይረሳል፣ ከዚያ ገጹ ባዶ ይወጣል። እኔም ረስቼ አንድ ማታ ሙሉ ፀጉሬን ነጭቻለሁ።

የእኔ የቀን ፕለጊን ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። አንድ ፎልደር ነው፤ የተቀመጠው «ፕለጊንስ» በሚባለው ፎልደር ሥር ነው። አፕዴት ሲመጣ ዎርድፕረስ የራሱን ፋይሎች ይተካል እንጂ የእኔን ፎልደር አይነካም። ውስጡ ያለው አንድ ፋይል ነው። የፋይሉ አናት ላይ ስሙና እትሙ ተጽፏል። «ፕለጊን ኔም» የምትለዋ መስመር ከሌለች ዎርድፕረስ ፋይሉን ፕለጊን ብሎ አይቆጥረውም። ቀጥሎ ፈንክሽኑ፣ ሥራውን የሚሠራው የኮድ ክፍል፣ አለ፦ የፈረንጅ ቀን ይቀበላል፣ የእኛን ቀን ጨምሮ ይመልሳል። መጨረሻ ላይ «አድ ፊልተር» የምትል አንዲት መስመር አለች። ትርጉሟ «ቀን ልታወጣ ስትል በእኔ በኩል አሳልፈው» ነው። አለቀ። ባለቤቷ ነገ ካልፈለገችው ከዝርዝሩ ላይ አንድ ጊዜ ተጭና ታጠፋዋለች፤ ሳይቱ እንደነበረ ይመለሳል።

የጎንደር ሰው ሆኜ ግቢውን ሳልጠቅስ ማለፍ ያቅተኛል። ፋሲል የራሱን ግንብ ሠራ፤ ከሱ በኋላ የመጡት እነ ኢያሱ፣ እነ በካፋ፣ እነ ምንትዋብ እዚያው ቅጥር ውስጥ የየራሳቸውን ጨመሩ፣ የፊተኛውን ሳያፈርሱ። ፕለጊን ይመስላል፣ አይደል? አይደለም። የበካፋን ግንብ አንድ ጊዜ ተጭናችሁ አታጠፉትም። ፕለጊን የሚነቀል መሆኑን አትርሱ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥቅም ልምጣ፤ አንድ ኮድ ደጋግሞ መጠቀም። ከእንግዳ ማረፊያው በኋላ ሌሎች ሁለት ሰዎች ያንኑ የቀን ነገር ፈለጉ፤ አንዱ አራዳ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ነው። ድሮ ቢሆን ኮዱን ኮፒ አድርጌ እለጥፍ ነበር። ሲለጠፍ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ስህተት ሲገኝ ነው፤ ያው ስህተት ሦስት ቦታ ተቀምጧል። አንዱን ታስተካክላለህ፣ ሁለተኛውን ትረሳለህ፣ ሦስተኛውን ደግሞ መሀል ላይ ለውጠኸው ስለነበር ማስተካከያው አይገጥምም። ፕለጊን ከሆነ ግን አንድ ቦታ አርመህ አዲስ እትም ታወጣለህ፤ ሦስቱም አፕዴት ያደርጋሉ።

ስህተቱም አልቀረም። ያገኙት የኔታ ናቸው።

የክፍል መያዣውን ካላንደር ወደፊት እየገፋሁ ሳሳያቸው 2020 ዓ.ም. ላይ ደረስን። ጥምቀት፣ ጥር 11፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2028 ይላል። መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።

«ይሄ ልክ አይደለም።»

«ጥምቀት ሁልጊዜ በ19 አይደል እንዴ፣ የኔታ?»

«በዚህኛው ዓመት 20 ነው። ከሱ በፊት ያለው 2019 ማን ነው? 5500 ደምርበት፤ 7519። ለ4 ግደፈው። ስንት ቀረህ?»

«ሦስት።»

«ሦስት ሉቃስ ነው። በሉቃስ ጳጉሜን ስንት ናት?»

ስድስት። ላቤ መጣ። ኮዴ የሚነሳው «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ከሚል ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስቱን ልክ ነው። ጳጉሜን 6 በሆነች ዓመት ማግስት ግን አዲስ ዓመት የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። ጥምቀትም መስቀልም አብረው ይገፋሉ። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ በእኔ ካላንደር አምኖ ቢመጣ በከተራው ዕለት ጥምቀት ነው ብሎ ይነሳ ነበር፤ በጥምቀቱ ዕለት ደግሞ አውሮፕላን ላይ ነው።

የእኔ ማስተካከያ «ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከቀረ ጳጉሜን 6 ናት» የሚል አንድ መስመር ነው። የኔታ 5500 ደምረው ነው የሠሩት፣ እኔ ሳልደምር። 5500 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ሁለታችንም አንድ ቦታ ደረስን። እሳቸው በዚህ ትንሽ ሳቁብኝ። እትም 1.1 ብዬ አወጣሁት፤ በዚያው ማታ ሦስቱም ሳይቶች ታረሙ።

ፕለጊንና ላይብረሪ አንድ ናቸው ወይ የሚለኝ ሰው አለ። ሁለቱም ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ መጠቀም ነው። ልዩነቱ ጠሪው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ላይብረሪን አንተ ነህ የምትጠራው፤ ኮድህን እየጻፍክ «ና ይሄን ሥራልኝ» ትለዋለህ። ፕለጊን ግን ዋናው ፕሮግራም ሲጠራው ነው የሚሠራው። ስሙን አስመዝግቦ ተራውን ይጠብቃል።

ይሄ ዘዴ የዎርድፕረስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዩኒቨርሲቲዎች በኦንላይን የሚያስተምሩበት ሙድል ፕለጊን ይቀበላል። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያስገቡበት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ዲኤችአይኤስ 2 ላይም ዋናውን ሳትነኩ የራሳችሁን አፕ ትጨምሩበታላችሁ። ስሙ ይለያያል፤ አንዱ ሞጁል ይለዋል፣ ሌላው ኤክስቴንሽን። ነገሩ ያው ሶኬት ነው።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ የክፍያው ጉዳይ ነው። ዉኮሜርስ የሚባል ዎርድፕረስን ወደ ሱቅ የሚቀይር ፕለጊን አለ፤ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። አሥር ዓመት ቀድሞ የተጻፈ ኮድ ቴሌብርን ሊያውቅ አይችልም። ዉኮሜርስ ግን «የክፍያ መንገድ» የሚል ቦታ ትቷል፤ ልኩንም ተናግሯል፦ ስምህን ንገረኝ፣ ክፍያ ስሰጥህ ተቀበል፣ ተከፍሎ እንደሆነ መልስልኝ። ይሄን ልክ ጠብቆ የሚጻፍ ፕለጊን የየትኛውም አገር ብር ያስከፍላል። ልብ በሉ፣ ዉኮሜርስ ራሱ ፕለጊን ነው። ፕለጊን ላይ የሚሰካ ፕለጊን ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የሚያቃጥለውን ልንገራችሁ። አንድ ዲቫይደር ላይ ምጣድና ካውያ አብሮ የሰካ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያውቃል።

አንደኛ፣ ፕለጊን ዎርድፕረስ ላይ እንግዳ አይደለም፤ የቤት ቁልፍ የተሰጠው ሰው ነው። ዳታቤዙን ያነባል፣ ፋይል ይጽፋል፣ ተጠቃሚ ይጨምራል። ለይቶ የሚያስቀምጠው ግድግዳ የለም። ለዚህ ነው በቴሌግራም ቻናል «ክራክ ተደርጓል፣ በነፃ» እየተባለ የሚለቀቅ የሚከፈልበት ፕለጊን የሚያስፈራኝ። ሰው ደክሞ ክራክ አድርጎ በነፃ የሚሰጥህ ለምንድን ነው? አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፕለጊን የጫነ ሰው ሳይት አጽዳልኝ ተብዬ ገብቼ ነበር። የልብስ ሱቅ ነው፤ ጎግል ላይ ሲፈለግ የቁማር ማስታወቂያ ይወጣል። አጽድቼ ስወጣ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ጠርጌ ከዜሮ ጀመርኩ።

ሁለተኛ፣ ፕለጊኖች እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንድ ሁክ ላይ ሁለት ሲቆሙ ማን ይቅደም የሚለው በቁጥር ይወሰናል፤ ምንም ካላልክ 10 ይሆናል፣ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ይሄስ በወግ ነው። የባሰው የስም ግጭት ነው። ሁለት ፕለጊኖች ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያለው ፈንክሽን ካለ ፒኤችፒ፣ ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ፣ እዚያው ቀጥ ይላል፤ ሳይቱ ነጭ ወረቀት ይሆናል። እኔ አሁን ፈንክሽኖቼን ሁሉ በ«ጎንደር» ነው የማስጀምራቸው፣ ማንም እንዳይጋፋኝ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከ5.2 እትም ጀምሮ፣ ዎርድፕረስ እንዲህ ሲሆን ለባለቤቱ የመግቢያ ሊንክ በኢሜይል ይልካል። ኢሜይሉ ካልደረሰ የፕለጊኑን ፎልደር ስም ቀይሩት፤ ዎርድፕረስ ሲያጣው ይተወዋል፣ ሳይቱም ይመለሳል። ይሄን ያወቀ ሰው ብዙ ሌሊት ይተኛል።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። ብዙ ፕለጊን የራሱን ጃቫስክሪፕትና ስታይል ይዞ ይመጣል፣ በማያስፈልግበት ገጽ ላይ ሳይቀር። በሞባይል ዳታ የሚከፍት ሰው ያንን ሁሉ ከኪሱ ነው የሚከፍለው። 40 ፕለጊን የተጫነበት ሳይት አይቻለሁ። ግማሹን ማን እንደጫነው ባለቤቱ ራሱ አያስታውስም።

የሰው ኮድ ላይ መደገፍ ምን ድረስ እንደሚሄድ በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ዓለም ሁሉ አይቶታል። የጃቫስክሪፕት ሰዎች ኮድ በሚጋሩበት ኤንፒኤም ላይ «ሌፍት ፓድ» የምትባል 11 መስመር ኮድ ነበረች። ሥራዋ ከአንድ ጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ መሙላት ነው፤ ማንም ተማሪ በአሥር ደቂቃ ይጽፋታል። የጻፋት ሰው እዚያው ባጋራው በሌላ ኮድ ስም ምክንያት ተጣልቶ ኮዶቹን አነሳቸው። በእሷ ላይ የቆሙ ነበሩ፣ በነሱም ላይ ሌሎች፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክት በአንዴ አልሠራም አለ። ኤንፒኤም በሰዓታት ውስጥ መለሳት፤ ከዚያ በኋላ ማንም እንደፈለገ ማንሳት እንዳይችል ደንቡን ቀየረ። አንዳንዱ ሰው ከዚህ ተነስቶ «ሁሉን ራስህ ጻፍ» ይላል። አልስማማም። ክፍያ መቀበያ ራሴ ከምጽፍ ብዙ ዓይን ያየውን ብጠቀም ይሻለኛል። 11 መስመር ግን ራሴ እጽፋለሁ።

ፕለጊን ስመርጥ እኔ የማየው ብዙ አይደለም። መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? ስንት ሳይት ይጠቀምበታል? ከየትኛው የዎርድፕረስ እትም ጋር ተሞክሯል? ሦስቱም በማከማቻው ገጽ ላይ ተጽፈዋል። ሦስት ዓመት ያልተነካ ከሆነ ኮከቡ ቢበዛም አልጭነውም። የማትጠቀሙበትን ደግሞ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ሰርዙት፤ የጠፋ ፕለጊን ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ አለ፣ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳም ካለው አብሮት አለ።

የኔታ ግን አልተዉኝም። ባለፈው ደወሉልኝ።

«ገናስ?»

«ገና ምን ሆነ፣ የኔታ?»

«በዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ነው። የአንተ 29 ይላል።»

ከፍቼ አየሁት። ከሉቃስ ቀጥሎ ዮሐንስ በሆነው በ2020 ገናን ጃንዋሪ 8 ላይ አስቀምጬዋለሁ። ገና በዘመነ ዮሐንስ ወደ 28 ስለሚመጣ ጃንዋሪ 7ን አይለቅም፤ ጥምቀት ደግሞ ጥር 11ን ይዞ በፈረንጁ ይገፋል። አንዱ ወዲያ ሲቆም ሌላው ወዲህ ነው። እኔ በዓላቱን ከቀን መቁጠሪያው ጋር አንድ ላይ ለውሼ ጽፌያቸው ነበር።

ስለዚህ 1.2 ላይ ለየኋቸው። ፕለጊኔ አሁን ቀን ብቻ ይቆጥራል። በዓላቱን ከማውጣቱ በፊት ግን እሱም በተራው ቆም ብሎ «የምትጨምሩት በዓል አለ?» ይላል። የገናን ነገር እዚያ አስገባሁት። በሁለተኛው ሳምንት የአራዳው ጓደኛዬ ለሱቁ ዒድንና መውሊድን የሚጨምር የራሱን ፕለጊን ጽፎ ሰካበት። 40 መስመር ናት። የእኔን ፋይል አልከፈተም፣ እኔንም አልጠየቀኝም። ያወቅኩት ሳይቱን ከፍቼ ሳይ ነው።